ቀጭ ይላል፣ ግን አይሰማም፦ የአሮጌ ሬዲዮ ሪሌይን ስለ መመርመር

(ቤይሩት ውስጥ በማኅበራችን የእሑድ የሙያ ክፍለ ጊዜ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። ሥራ ላይ ሆናችሁ ያልመጣችሁ እንድታነቡት ራሷ አስተካክላ ሰጥታናለች።)

ባለፈው ጊዜ ስለ ኮንትራትና ስለ ኢቃማ የተናገረችው እህታችን አዳራሹን አስለቅሳ ነው የሄደችው። የኔ እንደሱ አይደለም፤ እኔ የመጣሁት ካቻቢቴና ቴስተር ይዤ ነው።

የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሪሌይ ትባላለች። ስሟን ባታውቁትም ድምፅዋን ግን በየቀኑ ትሰማላችሁ። የመንግሥት መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ "ቀጭ" ይላል አይደል? ኤር ኮንዲሽነሩ ሊነሣ ሲል እንዲሁ ቀጭ ይላል። ኢሽቲራኩ ሲገባ መግቢያው ላይ ካለው የመብራት ሣጥን የሚሰማው ደግሞ የሷ ትልቅ ወንድም ነው። ሥራዋ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን ማዘዝ ነው። ሽማግሌዋ እናት ከተቀመጡበት ሳይነሡ ልጁን "ሂድና በሩን ክፈት" እንደሚሉት ማለት ነው። እሳቸው አይደክሙም፣ በሩ ግን ይከፈታል።

ውስጧን ያያችሁ እንደሆነ የሚገርም ነገር የለውም። በብረት ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ኮይል ይባላል። ከላዩ የሚንቀሳቀስ የብረት ምላስ፣ ምላሱን ወደ ቦታው የሚመልስ ሞላ፣ ከዚያ ምላሱ ወዲህና ወዲያ እያለ የሚያገናኛቸው ኮንታክቶች አሉ። ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ምላሱን ይስባል፣ ቀጭ። ሲቋረጥበት ሞላው ይመልሰዋል፣ እንደገና ቀጭ። ስለዚህ አንዳንዱ ኮንታክት ሪሌይዋ ስታርፍ የሚገናኝ ነው፣ ሌላው ደግሞ ስትሳብ የሚገናኝ። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፤ የዛሬው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ታዲያ ለምን በአሮጌ የሬዲዮ ማስተላለፊያ አስተምራችኋለሁ? አንደኛ፣ እኔ የተማርኩት በሱ ነው። ሁለተኛ፣ አሮጌ ዕቃ አይደበቅም። ሪሌይዋ በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀምጣ ስትንቀሳቀስ ታዩዋታላችሁ። የአሁኑ ዕቃ ውስጥ ግን ጥቁር ሣጥን ሆና ሰሌዳው ላይ ተበይዳ ነው የምትገኘው።

የምሠራላቸው ሚስተር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከ1975ቱ ጦርነት በፊት ጀምሮ አማተር ሬዲዮ ይሠራሉ። ለማታውቁት፣ አማተር ሬዲዮ የንግድ ጣቢያ አይደለም፣ የጥበቃ ሬዲዮም አይደለም። ከመንግሥት ፈቃድ ያገኘ ሰው ከቤቱ ሆኖ በአጭር ሞገድ ከሌላ አገር ሰው ጋር የሚነጋገርበት ነው። ሁሉም የየራሱ መለያ አለው። የሊባኖሱ በኦ ዲ፣ የኳታሩ በኤ 7፣ የኛ በኢ ቲ ይጀምራል። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን እንኳ ጄ ዋይ 1 እየተባሉ ከማንም ተራ ሰው ጋር ያወሩ ነበር። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሚባል የክበብ ጣቢያ አለ። ይህን የነገሩኝ ሚስተር ናቸው። እኔ በዚያ በር በታክሲ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! የአገሬን ነገር የውጭ ሰው ሲነግረኝ ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽም ደስ አለኝ።

የሳቸው ሬዲዮ በ1970ዎቹ የተሠራ ነው፤ ግማሹ በትራንዚስተር፣ ግማሹ በቲዩብ ይሠራል። ቲዩብ ማለት አምፖል የሚመስለው፣ ሲሠራ ውስጡ ቀላ የሚለው ብርጭቆ ነው። አንቴናው አንድ ብቻ ነው፤ ጆሮውም አፉም በሱ ነው የሚጠቀሙት። ሲያዳምጡ ሪሌይዋ አርፋ አንቴናውን ከመቀበያው ታገናኛለች። የማይኩን ቁልፍ ሲጫኑ ትሳብና አንቴናውን ለማስተላለፊያው ትሰጣለች፣ መቀበያውን ዝም ታሰኛለች፣ ተዘግተው የነበሩትን የመጨረሻዎቹን ቲዩቦች ትከፍታለች። ይህ ሁሉ በአንድ "ቀጭ" ነው የሚሆነው።

ሕመሙ እንዲህ ነበር። ሲከፍቱት የሰው ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። የማይኩን ቁልፍ ጫን አድርገው ሲለቁት ድምፁ ወዲያው ጥርት ይላል። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይሟሽሻል። ሲያስተላልፉ ግን ምንም ችግር የለም፤ መለኪያው እንደ ድሮው ነው፣ ወዲያ ማዶ ያለውም ሰው በደንብ ይሰማቸዋል።

አንድ የጥገና ቤት ወሰዱት። ባለሙያው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቲዩቦች ደክመዋል፣ ይቀየሩ አላቸው። ዋጋው የኔን ደመወዝ የሚያህል ነው። ሚስተር ተናደው ይዘውት ተመለሱ። እኔ ያን ጊዜ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው አምፖል መቀየር ብቻ ነበር፤ ሲያስረዱኝ ግን ገባኝ። እነዚያ ቲዩቦች የሚሠሩት ሲናገሩ ብቻ ነው። ማስተላለፉ ደህና ሆኖ መቀበሉ ከታመመ ቲዩብ መቀየር፣ ጥርሱን ላመመው ሰው መነጽር መግዛት ነው። እናንተም ማንኛውንም ዕቃ ስታዩ መጀመሪያ "ምኑ ይሠራል?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚሠራውን ስታውቁ የተበላሸበት ቦታ እየጠበበ ይመጣል።

ሚስተር እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ብሎን መያዝ አይችሉም። ስለዚህ ዕውቀቱ የሳቸው፣ እጁ የኔ ሆነ።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ግን እዚህ ላይ ቆም ልበል። እንዲህ ያለው ሬዲዮ ከሶኬት ተነቅሎም ይገድላል። ከሶኬት ተነቅሎ ነው ያልኩት! የመጨረሻዎቹ ቲዩቦች 600 ቮልት አካባቢ ነው የሚጠጡት፤ ያንን የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች መብራት ከተነቀለ በኋላም ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ውስጡ ቀስ እያለ የሚያፈሰው ሬዚስተር አለ፤ ነገር ግን ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ነው፣ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አምናችሁ እጅ አትክተቱ። ንቀሉ፣ ገመዱን ከግድግዳው አርቁ፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ እስከ 1000 ቮልት የሚለካ ቴስተር ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ለኩ። የቀረ ካለ በ10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በኩል አፍስሱት፤ የሬዚስተሩ እግሮች በተሸፈነ ሽቦ የተቀጠሉ ይሁኑ። ደግማችሁ ለኩ። በካቻቢቴ ማገናኘት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ፍንዳታው ደስ ስለሚላቸው ነው መሰለኝ። ካፓሲተሩን ይጎዳል፣ ዓይንንም ይጎዳል፣ አታድርጉት።

ቀለበትና አምባር አውልቁ። የአንገት መስቀላችሁን ወደ ልብሳችሁ ውስጥ መልሱት፤ ስታጎነብሱ ተንጠልጥሎ የሚነካውን አታውቁም። በባዶ እግር አትሁኑ። ብቻችሁን አትሥሩ። ስትለኩ አንድ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፤ ኤሌክትሪክ ከአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብ በኩል ነው። ማዳም ስትጠራችሁ ሥራውን ከፍታችሁ አትሂዱ፤ ክዳኑን መልሳችሁ ሂዱ። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አልደግምላችሁም።

አሁን ወደ ምርመራው። ክዳን ሳይከፈት ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል፤ እኔ የምወደውም ይሄንን ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሬዲዮዎች ራሳቸውን የሚፈትሹበት ምልክት ከውስጥ ያመነጫሉ፤ በየ100 ኪሎኸርዙ "ፊው" የሚል ድምፅ ይሰማል። በሚስተር ሬዲዮ ያ ምልክት የሚገባው ከሪሌይዋ ወዲህ፣ ወደ መቀበያው በኩል ነው። ከፈትነው፤ ጥርት ብሎ ተሰማ። የሰው ድምፅ ግን በዚያው ሰዓት ከጉድጓድ ነው የሚመጣው። እንግዲህ አስቡት፤ መቀበያው ጤነኛ ነው። በሽታው በአንቴናውና በመቀበያው መካከል ነው ማለት ነው። እዚያ መካከል ያለው ምንድን ነው? የአንቴናው ገመድ፣ መሰኪያው፣ እና ሪሌይዋ። ገመዱን በሌላ ገመድ ለወጥነው፣ ምንም አልተለወጠም። ደግሞ ገመድ ቢሆን የማይኩን ቁልፍ ሲጫኑ ለምን ይድናል? ቁልፉን ሲጫኑ የሚንቀሳቀሰው ሪሌይዋ ብቻ ናት። ካቻቢቴ ሳንነካ እዚህ ደረስን።

አንዳንድ ሰው ክዳኑን ከፍቶ፣ መብራት እንደገባ፣ ሪሌይዋን በእንጨት ኳ ኳ ያደርጋታል። ድምፁ ከተለወጠ እሷ ናት ማለት ነው። ይሠራል፤ ለናንተ ግን አልመክርም። 600 ቮልት አጠገብ በእንጨት መጫወት ለለመደ ሰው ነው።

በነገራችን ላይ ሪሌይ ስትታመም ድምፅዋን ማዳመጥ ግማሽ ሥራ ነው። ቁልፉ ተጭኖ ጭራሽ ቀጭ ካላለች ችግሩ በማዘዣው በኩል ነው። የማይኩ ቁልፍ፣ ሽቦው፣ ኮይሉን የሚያዘው ትራንዚስተር፣ ወይም ራሱ ኮይሉ ተበጥሶ ይሆናል። ቀጭ ብላ የሚፈለገው ካልሆነ ኮንታክቱን ጠርጥሩ። እንደ ዝንብ "ጥዝዝዝ" የምትል ከሆነ ኮይሉ በቂ ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ ብዙ ጊዜ ኃይል ሰጪው ክፍል ውስጥ የደረቀ ካፓሲተር አለ። ቁልፉን ለቃችሁ አልመለስ ካለች ደግሞ ኮንታክቱ ተጣብቋል፣ ወይም ሞላው ደክሟል። የሚስተር ሁለተኛው ዓይነት ነበር፤ ቀጭ ትላለች፣ ግን አይሰማም።

ነቅለን፣ ጠብቀን፣ ለክተን ክዳኑን ከፈትን። ሪሌይዋ እንደ ፊውዝ ከመሰኪያዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ 14 እግር አላት። ከመንቀሏ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ፣ የትኛው ጎን ወደ የት እንደነበር ይጠፋችኋል። አራት ምላስ አላት፤ እያንዳንዱ ሦስት እግር፣ ለኮይሉ ሁለት፣ በድምሩ 14። መጀመሪያ ኮይሉን ለካን፤ 160 ኦም አካባቢ አነበበ። የ12 ቮልት ኮይል ነው፤ 12 ለ160 ስታካፍሉት 75 ሚሊ አምፔር ይመጣል፣ ለእንዲህ ዓይነት ሪሌይ ጤነኛ ቁጥር ነው። ቴስተሩ ምንም ባያነብ ኖሮ ኮይሉ ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ የቀረበ ቢያነብ ኖሮ ውስጡ ተቃጥሎ ተገናኝቷል።

ከዚያ ስታርፍ የሚገናኙትን ኮንታክቶች ለካን። ሦስቱ 0.3 ኦም፣ እሱም አብዛኛው የቴስተሩ ሽቦ ነው። የአንቴናው ግን መጀመሪያ 38 አለ። ነካ ሳደርጋት 6፣ ትንሽ ቆይቶ 21። እኔ ቴስተሩ ተበላሸ ብዬ ቀና አልኩ፤ ሚስተር ሳቁ። "ቁጥሩን ተዪው፣ መዋዠቁን እዪ" አሉኝ። ጤነኛ ኮንታክት አይዋዥቅም። የምትለኩበት ቴስተር ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚልክ የታመመውን ኮንታክት ለጊዜው ሊያነቃው ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጥሩ ስላነበበ አትልቀቁት፤ ሪሌይዋን አምስት ስድስት ጊዜ አንቀሳቅሳችሁ ለኩ።

ምን ሆና ነው? የብር መስቀል ወይም የብር ጌጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሳጥን ውስጥ ሲቆይ ይጠቁራል። ኮንታክቱም ብር ነው። በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ያጠቁረዋል፤ በጀነሬተር ጭስ የምትኖር ከተማ ውስጥ ደግሞ እስቲ አስቡት። ያ ጥቁር ስስ ልባስ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ታዲያ ማስተላለፉ ለምን አልታመመም? ይህ ነው ቆንጆው ነገር። ሚስተር ሲናገሩ 100 ዋት ወደ አንቴናው ይሄዳል፤ በ50 ኦም አንቴና ላይ ይህ 70 ቮልትና 1.4 አምፔር ያህል ነው። እንዲህ ያለ ጉልበት ስሱን ልባስ ጥሶ ያልፋል፣ እያለፈም ያጸዳል። ከአንቴና የሚመጣው ድምፅ ግን ጠንካራ የሚባለው እንኳ 50 ማይክሮቮልት ነው፤ የቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ሃምሳ ጊዜ ማለት ነው። ከ70 ቮልቱ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል። ስስ ጥላሸት ይበቃዋል፣ በሩ ላይ ይቀራል። ቁልፉን ሲጫኑና ሲለቁ ደግሞ ኮንታክቱ ተፋትጎ ለጥቂት ደቂቃ ይከፈታል፤ ለዚህ ነው ድምፁ የሚመለሰው።

አጸዳዱ። ቀጭን ግን ጠንካራ ነጭ ወረቀት፣ እንደ ቢዝነስ ካርድ ያለ፣ በጣት ስፋት ትቆርጣላችሁ። ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ነካ አድርጋችሁ በሁለቱ ኮንታክቶች መካከል ታስገባላችሁ። ምላሱን በጣት ለስለስ አድርጋችሁ ወረቀቱ ላይ ታሳርፉና ወረቀቱን ትስባላችሁ። የኛ የመጀመሪያው ወረቀት የከሰል መስመር ይዞ ወጣ። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ትደጋግማላችሁ፣ በመጨረሻ በደረቅ ወረቀት። የሪሌይዋን እግሮችና የመሰኪያውንም ቀዳዳ አትርሱ፤ እነሱም ይጠቁራሉ። የብርጭቆ ወረቀት፣ የጥፍር ሞረድ፣ ቢላ፣ በፍጹም! ኮንታክቱ ላይ ያለው ጥሩው ሽፋን በጣም ስስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። ለአንድ ሳምንት ይሠራና ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ሞላውንም "ላጠናክረው" ብላችሁ አትጠምዝዙ።

ሪሌይዋ ወጥታ ሳለች ሰሌዳው ላይ ያለችውን ዳዮድም ለካን። ኮይል ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥበት ይራገጣል፤ ከ12 ቮልት ኮይል የመቶዎች ቮልት ምት ሊወጣ ይችላል። ዳዮዷ ያንን ትውጣለች፤ እሷ ከሌለች የሚያዘው ትራንዚስተር ይሞታል። በቴስተሩ በአንድ በኩል ከ0.5 እስከ 0.7፣ በሌላው በኩል ምንም ማንበብ አለባት። ሪሌይዋ በቦታዋ እያለች ከለካችሁ ግን በኮይሉ በኩል ያታልላችኋል። ስትቀይሯት ቀለበት ያለበት ጎኗ ወደ ፖዘቲቩ ነው፤ ከተገለበጠች አደጋ ናት።

መልሰን ሰካናት። ሚስተር ከፈቱት። መጀመሪያ የተሰማው የጣልያን ሰው ነበር፤ ስለ አየር ጠባይ ነው የሚያወራው። ሚስተር ግን ዘፈን እንደሚሰማ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት።

መተካት ካስፈለገ የኮይሉን ቮልት፣ የምላሱን ቁጥርና የእግሮቹን አቀማመጥ አመሳስላችሁ ግዙ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ነጋዴው "ይህ 10 አምፔር ይችላል፣ ይሻላል" ይላችኋል። ለውሃ ማሞቂያ እውነቱን ነው። ለደካማ ምልክት ግን ትልቁ ኮንታክት ይብሳል፤ ጉልበት ካልመጣለት ራሱን አያጸዳም። ለእንዲህ ያለው ቦታ በወርቅ የተለበጠ ኮንታክት ያለውን ትንሹን ጠይቁ። ክዳን የሌለውንም አትግዙ፤ አቧራ አለ፣ ነፍሳትም አሉ። በመስከረም 1947 (በፈረንጆቹ) አሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርክ 2 የሚባል ክፍል የሚያህል ኮምፒዩተር በሪሌይ ይሠራ ነበር። ቆመባቸው፤ ቢፈልጉ አንዲት የእሳት ራት ሪሌዩ ውስጥ ገብታ ተገኘች። አውጥተው መዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጠፏት፣ እስከ ዛሬ አለች።

አሁን ስለ ሕጉ፤ ይህን ለቀልድ አትውሰዱት። እዚህም ሆነ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ያለ ፈቃድ በሬዲዮ ማስተላለፍ ወንጀል ነው። የሚስተር ፈቃድ የሚስተር ነው፣ የኔ አይደለም። አንድ ጊዜ "እስቲ ሰላም በይው" ብለው ማይኩን ሰጡኝ፤ አልተቀበልኩም። እሳቸው ቢከሰሱ ጠበቃ አላቸው፣ እኔ ያለኝ ኢቃማ ነው። ማስተላለፉን መሞከር ካስፈለገ በአንቴናው ቦታ "የውሸት አንቴና" ይሰካል፤ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ የ50 ኦም ሬዚስተር ነው፣ ድምፁ ከቤት አይወጣም። ያለ ምንም ነገር ደግሞ ቁልፉን መጫን ቲዩቦቹን ያቃጥላል። ወደ አገር ቤት ስትመለሱም "ስጦታ ነው" ብሎ ማንም ማስተላለፊያ ሻንጣችሁ ውስጥ እንዳይከትባችሁ።

ሌላው፣ የአሠሪያችሁን ዕቃ ሳትጠየቁ አትክፈቱ። ብታውቁትም አትክፈቱ። ነገ ሌላ ነገር ሲበላሽ "አንቺ ነክተሽው ነው" ይመጣል፣ ከደመወዝ ይቆረጣል። ከጠየቋችሁ በድምፅ መልእክት ወይም በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ አድርጉ፤ "ሬዲዮውን ክፈቺልኝ" የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። ከመክፈታችሁ በፊት የነበረበትን ሁኔታ በቪዲዮ ቅረጹ። እኔ ሚስተርን እንደ አባቴ ነው የማያቸው፣ ግን መልእክቱን አስልኬ ነው የነካሁት። እሳቸውም አልተቀየሙም።

ጥያቄዎች ነበሩ፣ የማስታውሳቸውን ልጻፍላችሁ።

አንዷ እህት በኢሽቲራክ ሰዓት የውጭው ኤር ኮንዲሽነር ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ አይነሣም አለች። ጀነሬተሩ ላይ ብዙ ሰው ሲጫን ቮልቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ የሪሌዩ ኮይል መሳብ ይጀምራል እንጂ መያዝ አይችልም። አጥፉት፣ ቮልቱ ሲስተካከል ክፈቱት። እንዲያ እያለ ከተዋችሁት ኮንታክቱ ይቃጠላል፣ ሞተሩም ይጎዳል። ሣጥኑን አትክፈቱ፤ ንገሩና ባለሙያ ይጠሩ።

ፍሪጅ በየጥቂት ደቂቃው ቀጭ ብሎ ዝም የሚል ከሆነስ? ሞተሩ ሊነሣ ሞክሮ አቅቶት መከላከያው እያቋረጠው ነው። ንቀሉት፣ አሥር ደቂቃ አሳርፉት፣ እንደገና ሰኩት። ካልተነሣ ማስነሻው ወይም ሞተሩ ነው። ለማዳም "ፍሪጁ ሞቷል" አትበሉ፤ "ሊነሣ ይሞክራል፣ አይችልም" በሉ። ማስነሻው ርካሽ ነው፣ ሞተሩ ውድ ነው፣ ጠጋኙ መጀመሪያ ርካሹን እንዲያይ ታደርጋላችሁ።

አንድ ወንድም በዚህ ገንዘብ መሥራት ይቻላል ወይ አለ። ሙያው ያበላል፣ አዎ። የሚስተር ጓደኞችም ዕቃቸውን ማምጣት ጀምረው ነበር። እኔ ግን ኢቃማዬ የቤት ሠራተኛ ነው የሚለው፤ ከዚያ ውጭ ገንዘብ ተቀብሎ መሥራት ሊያስይዝ፣ ሊያስባርርም ይችላል። ስለዚህ ሚስተር ራሳቸው ተቀበሉ፣ እኔ በቤታቸው እጃቸው ሆንኩ፤ የጨመሩልኝን ደመወዛችን ደብተር ላይ በፊርማ አሰፈርን። ለያንዳንዳችሁ ሁኔታው ይለያያል፤ ከመጀመራችሁ በፊት የማኅበሩን የሕግ ክፍል አነጋግሩ። አገር ቤት ገብቶ ሱቅ መክፈት ለሚያስብ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይማር፣ መማር አይከለከልም።

መጨረሻ ላይ "ሚስተርስ አሁንም ይሰማሉ?" አላችሁኝ። ይሰማሉ። ከአራት ወር በኋላ መሟሸሹ ስለተመለሰ አሮጌዋን አውጥተን በወርቅ የተለበጠውን አዲስ አስገባንላቸው። አሮጌዋ ማኅበሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አለች፣ ክዳኗን አውልቄላታለሁ። ቢሮ ስትመጡ በ12 ቮልቱ ባትሪ አንቀሳቅሷት፣ አራቱንም ምላሶች ለኩ፤ የትኛው የአንቴናው እንደነበር ሳልነግራችሁ በቴስተር አግኙት። ቴስተሩን ስትጨርሱ ማጥፋት ነው፣ ባለፈው ሳምንት ባትሪው አልቆ ነው ያገኘሁት።